ፊት የሌለው ክብ

ጽሑፌ ተመረጠ! ሐሙስ ዕለት በዕረፍት ሰዓት የአማርኛ መምህራችን ከጓደኞቼ መሐል ጠርተው አወጡኝና፣ «ቤቴል፣ ለዓመቱ መዝጊያ መጽሔት ከአሥራ አንደኛ ክፍል የተመረጠው ያንቺ ነው። አንድ ሌላም ጨምሪልኝ፤ የፈለግሽውን ጻፊ፣ ገጽ አልቆጥርብሽም» አሉኝ። ገጽ አልቆጥርብሽም! ይህን የሰማ ሰው ቀጥሎ ያለውን የሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንዴት አድርጎ ይማር? ወደ ቤት ስመለስ ባጃጅ አልያዝኩም፤ እግሬ መሬት ይንካ አይንካ እሱን እንጃ። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ፣ የማላውቀውንም ጭምር፣ ሰላም አልኩ። ዛሬ ጠዋት ግን ልጽፍ ወደ ኮምፒውተር ክፍላችን ስገባ አንድ ሽታ ተቀበለኝ። ብዙ ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ፕሮጀክተር ሲበራ አምፖሉ ላይ የተኛው አቧራ የሚሸተውን ታውቁታላችሁ? እንደ ተቃጠለ ፀጉር ነው። ከንፈሬን ከውስጥ በኩል በምላሴ ነካሁት፤ ትንሿ እብጠት ዛሬም አለች። ልጽፍ ያሰብኩት ስለ ሐይቁ ወፎች ነበር። ወፎቹ ይቆዩ።

ትዝታ የትልልቅ ሰዎች ነው ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የማውቃት ሐዋሳ ዛሬ የለችም ብል አልዋሸሁም። ያኔ ሳምቡሳ በሁለት ብር ነበር፤ ዛሬ በሁለት ብር ሽታውንም አትሰጡም። ወንዶቹ ሱሪያቸውን ከወገባቸው ዝቅ አድርገው፣ የፀጉራቸውን መሐሉን ብቻ አቁመው ይሄዳሉ። እኛ ሴቶቹ በታይት ላይ አጭር ቀሚስ ደርበን ራሳችንን የከተማው ጌጥ አድርገን እናስብ ነበር። ፒያሳ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከጫማ ቤቱና ከሙዚቃ ቤቱ መሐል፣ የአክስቴ የአልማዝ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረች። ሙዚቃ ቤቱ በሩ ላይ ያቆመው ስፒከር ጎረቤቱን ሁሉ ያንቀጠቅጣል፤ አንድ ሜሞሪ ሙሉ ዘፈን በአሥር ብር ይጭናል። እኛ ቤት ያለው የወረቀት ክምር እንኳ በፍቅር ዘፈን ይርገበገብ ነበር። ክረምቱን ሙሉ፣ ትምህርት ሲከፈትም ከሰዓት በኋላ፣ የምውለው እዚያ ነው። ሥራዬ ደግሞ ስላይድ ላይ ቅርጽ መጨመር ነበር።

አትሳቁ፤ ያኔ ይህ ትልቅ ሙያ ነው። ጊዜው የሥልጠና ጊዜ ነበር። መሥሪያ ቤት ሁሉ ስብሰባ ነው፤ ስብሰባ ሁሉ ስላይድ ነው። ፍላሽ እንደ ማተብ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰዎች እየገቡ ተራ ይይዛሉ። አንድ ክራቫታም ሰውዬ መቼም አይረሳኝም። የሠራሁለትን አየና ፊቱን አጨማደደ።

«እህቴ፣ ይኼ ባዶ ነው። ቀስት ጨምሪበት።»

«ወዴት የሚያመለክት ቀስት?»

«ወደ ላይ ነዋ! ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ይዤ አለቃዬ ፊት ልቁም እንዴ?»

አክስቴ ከፎቶ ኮፒው ጀርባ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። እኔ ግን ቀስቱን ወደ ላይ አደረግኩለት፣ ቀይ ቀባሁት፣ ሲመጣ ቧ! ብሎ እንዲፈነዳ ድምፅም ጨመርኩበት። ሰውየው ደስ ብሎት ለሚሪንዳ ብሎ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፅ የሌለው ቀስት ከእጄ አይወጣም ነበር። ክብ፣ አራት ማዕዘን፣ ኮከብ፣ ማውሱን ጎተት አድርጌ የማላወጣው ቅርጽ የለም። ከሁሉ የምወደው ሁለት ክቦችን በቀስት ማያያዝ ነበር። አንዱን ክብ ስትጎትቱት ቀስቱ ሳይለቀው አብሮ ይዞራል፤ የትም ብትወስዱት ይከተለዋል። ፊደል ጽፌ ሰው ሳላስደስት ገና በቅርጽ አስደስቼ ነበር ማለት ነው።

ግን ያ ጊዜ የድንጋይም ጊዜ ነበር። እኛ ታች ሠፈር ነን፣ ወደ ሐይቅ ዳር መውረጃው ላይ፤ ከእኛ በላይ ያሉት ላይ ሠፈር ይባላሉ። ለምን እንደሚጣሉ የጠየቀ ሰው አላውቅም። አንድ ጊዜ በኳስ ነው፣ አንድ ጊዜ አንዷን ልጅ አየሃት አላየኋትም ነው። ቀበቶውን ፈትቶ ዘለበቱን በውጭ የሚያደርግ፣ የብስክሌት ሰንሰለት እጁ ላይ የሚጠመጥም፣ ድንጋይ ኪሱን ሞልቶ ሱሪው የሚወርድበት፤ ሁሉንም አይቻለሁ። ትምህርት ቤት መምህሩ በጎማ ይገርፈናል፤ ቤት ስንገባ አባት «ምን ብታጠፋ ነው?» ብሎ በቀበቶ ይደግማል፤ የተገረፈው ልጅ ወጥቶ ደግሞ ታናሹን ይመታል። ዛሬ መምህራን ሲቆጡን «ወላጅ አምጡ» ይሉናል፤ ያኔ ወላጅ ራሱ ጎማውን ገዝቶ ይልክ ነበር። የሚመታውን ሰው ለምን ትመታለህ የሚል አልነበረም።

አንድ እሑድ፣ ከቸርች መልስ፣ ጥጉ ላይ ተያያዙ። ጥጉን እንድታዩት እፈልጋለሁ። ከእኛ በኩል ሲመጣ መጀመሪያ የሠፈሩ ቦኖ ውኃ አለ። ከቦኖው ቀጥሎ መንገዱን አጋምሶ የቆመ ሰማያዊ ኮንቴይነር ሱቅ አለ። ከኮንቴይነሩ ወዲያ የመብራት ምሰሶ፣ ከምሰሶው ወዲያ ደግሞ የከረንቡላ ቤት በር። አራቱም በአንድ መስመር ናቸው። የእኛዎቹ ቦኖው ጋ ቆሙ፤ የላይ ሠፈር ልጆች ከረንቡላ ቤቱ ደጃፍ ላይ። ከእነሱ መሐል ታሪኩ የሚባለው ልጅ ብቻውን ወደ ፊት ወጥቶ ምሰሶው ሥር ቆመና መሳደብ ጀመረ። «ውጡ እናንተ ዓሣ ቃሚዎች!» ይላል። ድንጋዩ እንደ በረዶ ወረደ። የሱቁ ቆርቆሮ ይንኳኳል፣ ሴቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ይሮጣሉ፣ አንድ አህያ ጭነቷን ጥላ በመሐል ትፈረጥጣለች። ከዚያ አንድ ጩኸት ተሰማ፤ እንደ ሌሎቹ ጩኸቶች ያልሆነ።

ወንድሜ ናትናኤል እየሮጠ ገባ። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ፊቱ ላይ ግን ደም የሚባል የለም። «መታሁት» አለ። «በኮንቴይነሩ ላይ አሻግሬ ወረወርኩ፣ ወዲያው ጮኸ። እማዬ፣ ገደልኩት መሰለኝ።» እማዬ ባለችበት መሬት ላይ ተቀመጠች።

ታሪኩ አልሞተም። ሆስፒታል ተኝቶ ሰነባብቶ፣ ምላሱ ተሳስሮ፣ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት፣ የሆነውን ነገር አንድም ሳያስታውስ ነቃ። ታላቅ ወንድሙ ሐብታሙ ግን እስኪነቃ አልጠበቀም። በዚያው ዕለት ገና ሳይመሽ ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ የግቢያችንን በር በገጀራ ሰነጠቀው። ውሻችን ቡቺ ዘሎ ሊይዘው ሲል ሁለት ቦታ መታው፤ ሲንፈራገጥ ዓይኔ እያየ ሞተ። አባዬ «ልጄ፣ ተው፣ አባትህ እሆናለሁ» እያለ እጁን ዘርግቶ ወጣ፤ የዘረጋውን እጅ በዱላ ሰበሩት። ሐብታሙ በግራ እጁ ፌስታል ይዞ ነበር። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ታሪኩን የመታው ድንጋይ ነው፤ ደሙ ደርቆበታል። «በዚህ ነው!» ይጮኻል፤ «በራሱ ድንጋይ ነው የምፈነክተው! ቅበሩኝ ከዚህ ከተማ ከወጣ!» ከዚያ በኋላ ሐብታሙ ያለዚያ ፌስታል አልታየም። ሻይ ቤት ሲቀመጥ ጠረጴዛው ላይ ያደርገዋል አሉ።

ናቲን አክስቴ ቤት ደበቅነው። ከፎቶ ኮፒው ጀርባ፣ በወረቀት ካርቶኖች መሐል ተኛ። ውጭ ዘፈኑ ይጮኻል፤ እሱ ውስጥ እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ እጁን ያያል። ምግብ ሳመጣለት፣ «ቤቲ፣ ልውጣና የፈለገውን ያድርገኝ። እንደዚህ ከመኖር ይሻላል» ይለኛል። ፖሊስም ይፈልገዋል፤ ግን ከአክስቴ ቤት እስከ ጣቢያው ባለው መንገድ ላይ ሐብታሙ አለ። አባዬ፣ «አስቀድሞ ሽማግሌ፣ ከዚያ በገዛ እጄ ጣቢያ አስረክበዋለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ተቀመጡ። በመጀመሪያው ወንበር ተወራወሩ። በሁለተኛው የአጎቴ ጥርስ ወለቀ። የሽማግሌዎቹ ዋና ጋሽ ላሚሶ ነበሩ፤ ከሁለቱም ሠፈር ልጅ የዳሩ፣ የሁለቱንም ሠፈር ለቅሶ የሚደርሱ የሲዳማ ሽማግሌ። ከሁለተኛው ድብድብ በኋላ፣ «አንዱ ቦኖ ይላል፣ አንዱ ምሰሶ ይላል። እኔ ደግሞ ማን የት እንደ ቆመ አላየሁም። ይዣችሁ ሄጄ እንዳላየው ጥጉ ላይ እንደገና ትጋደላላችሁ» ብለው ተማረሩ። ያኔ ነው አክስቴ የተናገረችው። «ጋሽ ላሚሶ፣ የወንድሜ ልጅ ቦታውን ትሥልልዎታለች። ፕሮጀክተሩን እኔ አመጣለሁ፤ ከሩቅም ይታያል።»

«ሲኒማ ልታሳዩን ነው?» አለ ከላይ ሠፈር አንዱ።

«ከቦክስ ይሻላል» አሉ ጋሽ ላሚሶ።

ናቲ እየነገረኝ ሠራሁት። ኮንቴይነሩ ሰማያዊ አራት ማዕዘን፣ ምሰሶው ቀጭን መስመር፣ ሰዎቹ ክብ። የናቲን ክብ አረንጓዴ፣ የታሪኩን ብጫ አደረግኩት። በመጨረሻ ከአረንጓዴው ተነሥቶ፣ በኮንቴይነሩ ላይ ጎብጦ አልፎ፣ ብጫው ላይ የሚያርፍ ቀይ ቀስት። እጄ እንደ ለመደው አደረገ። ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ቅዳሜ በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። ዱላና ቀበቶ በር ላይ ተለቅሞ ተከመረ። ሐብታሙ ፌስታሉን አልሰጥም አለ፤ «ይኼ ዱላ አይደለም» ብሎ። ጋሽ ላሚሶ ጠረጴዛው ላይ እንዲያስቀምጠው ፈቀዱ። ናቲ በአባዬና በአክስቴ መሐል ተቀመጠ። ፕሮጀክተሩ ሞቀ፣ ያ የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ወጣ። እኔ አንድ በአንድ እያሳየሁ፣ «ይኼ ቦኖው፣ ይኼ ሱቁ፣ እዚህ የቆመው ታሪኩ» አልኩ። ከሁለቱም ወገን «ልክ ነው፣ ልክ ነው» የሚል ድምፅ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ! ልቤ በኩራት አበጠ። የመጨረሻውን ክሊክ አደረግኩ።

ቧ!

ላፕቶፑ ከአዳራሹ ትልልቅ ስፒከሮች ጋር ተያይዟል። ቀይዋ ቀስት በኮንቴይነሩ ላይ በርራ ብጫው ክብ ላይ ፈነዳች። የታሪኩ እናት እማማ ዘነበች «ልጄን!» ብለው ከአግዳሚው ወደቁ። ሐብታሙ ወንበሮቹን እየዘለለ ሲመጣ አየሁት፤ ቡጢው ሲያርፍብኝ ግን አላየሁትም። አፌ ውስጥ ጨው ጨው አለኝ። ናቲ ወንበር አንሥቶ ጀርባው ላይ ሰበረበት። የላይ ሠፈሮቹ ናቲን ወለሉ ላይ ጥለው በጫማ ይረግጡታል፤ አባዬ በተሰበረ እጁ ይጎትታል፤ አክስቴ የአንዱን ፀጉር ይዛ «ልጅቷን? ልጅቷን ትመታላችሁ?» እያለች ትነጫለች። ጋሽ ላሚሶ አልጮኹም። ተነሥተው ፕሮጀክተሩ ፊት ቆሙ። ጥላቸው ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞላው፤ አዳራሹ ጨለመ። ተደባዳቢዎቹ አንድ በአንድ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ጨረሳችሁ?» አሉ። «ሐብታሙ፣ የመታሃት ልጅ ናት። ለዚህ በኋላ ትከፍላለህ። አሁን ተቀመጥ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ደምሽን ጥረጊና ቀጥዪ። ድምፁን ግን አጥፊልን» አሉ።

በቀሚሴ እጅጌ ጠረግኩ። ጋሽ ላሚሶ ወደ ግድግዳው ተጠግተው ብጫውን ክብ በምርኩዛቸው ጫፍ ነኩት።

«ይቺ ፊት የላትም» አሉ።

«እንዴት?»

«ሰው ፊት አለው። ይኼ ልጅ ወዴት እያየ ነበር? ፊት ሥሪለት።»

ትንሽ ሦስት ማዕዘን አምጥቼ እንደ አፍንጫ ለጠፍኩለት። በየት በኩል እንደማደርገው ግን አላውቅም። ናቲን አየሁት። «ኮንቴይነሩ ከልሎኝ ነበር፤ ድምፁን ብቻ ነው የሰማሁት» አለ። አንዱ «ምናልባት ሊሸሽ ዞሮ ሊሆን ይችላል» አለ። ይህን ጊዜ ሐብታሙ ተቃጠለ። ተነሥቶ ደረቱን መታ።

«ማን ነው የሚሸሸው? የእኔ ወንድም ጀርባውን ለታች ሠፈር አይሰጥም! ፊት ለፊት ነው የቆመው! እዚህ ያላችሁ ሁሉ አይታችኋል፤ ፊቱን ወደ እነሱ አድርጎ እየሰደባቸው ነው የወደቀው! ተናገሩ!»

«እውነት ነው» አሉ የላይ ሠፈር ልጆች። «እየሰደባቸው ነው።»

«እኛም ስድቡን ሰምተናል» አሉ የእኛዎቹ።

አፍንጫውን ወደ ኮንቴይነሩ፣ ወደ ቦኖው አዞርኩት። ጋሽ ላሚሶ ከግድግዳው ወደ እማማ ዘነበች ዞሩ። ከዚያ ዝቅ ብለው፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ዘነበች፣ የልጁን ቁስል የምታጥቢው አንቺ ነሽ። የቱ ጋ ነው?» ብለው ጠየቁ።

እማማ ዘነበች እጃቸውን አነሡ። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው የገዛ ራሳቸውን ነኩ፤ ከኋላ፣ ማጅራታቸው ላይ።

ማንም ሳያዘኝ እጄ በራሱ ሄደ። የቀስቱን ጫፍ ይዤ ከብጫው ክብ ፊት አንሥቼ በጀርባው በኩል አያያዝኩት። ሌላኛውን ጫፍ ከአረንጓዴው አላቀቅኩት። መስመሩ ተቃንቶ በምሰሶው አልፎ ወደ ኋላ ሄደና የከረንቡላ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ። እዚያ ምንም ክብ አልሠራሁም ነበር። ባዶ ቦታ ነው። ታች ሠፈርን ሊመታ በታሪኩ ራስ ላይ ተሻግሮ እንዲያልፍ የተወረወረ፣ አጥሮ የቀረ ድንጋይ። የገዛ ጓደኛ ድንጋይ።

ናቲ አፉን በሁለት እጁ ይዞ ወደ አዳራሹ ጥግ ሮጦ አስመለሰው። ሐብታሙ አላለቀሰም፤ የሚያስፈራው ይኼ ነበር። ቀስ ብሎ ዞሮ ከኋላው የተቀመጡትን ጓደኞቹን አየ፤ አብረውት በራችንን የሰበሩትን። አንዱን በአንገቱ አንቆ ግድግዳ ላይ፣ በቀጥታ ሥዕሉ ላይ፣ ለጠፈው። «ማነው? አንተ ነህ? አንተ ነህ ወይ?» የልጁ ዓይን ሲገለበጥ አየሁ። ፌስታሉን ከጠረጴዛው ሊያነሣ እጁን ሲሰድ ግን ጋሽ ላሚሶ ቀድመው ይዘውታል። «ይኼ ከእንግዲህ እኔ ጋ ይቀመጣል» አሉ። «ሐላሌ በማነቅ አይወጣም። የወረወረው ሰው በራሱ እግር መጥቶ ይናገራል፤ እኛም ቁጭ ብለን እንጠብቀዋለን። እስከዚያ ማንም ማንንም አይነካም። የነካ ከእኔ ጋር ነው።» ሐላሌ ማለት በሲዳማ እውነት ነው፤ ግን እሳቸው ሲሉት ቤት ውስጥ የገባ ሰው ስም ይመስል ነበር።

ናቲ በማግሥቱ ከአባዬ ጋር ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጠ፤ ሽማግሌዎቹም አብረውት ሄዱ፤ ተለቀቀ። አሁን ባጃጅ ይነዳል። ታሪኩ ፒያሳ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ በግራ እጁ ስልክ ይጠግናል፤ ቀኝ እግሩን ይጎትታል፣ አንዳንድ ቃል ይጠፋውና ይናደዳል። ሐኪም ቤት የሚያመላልሰው ናቲ ነው። መንገድ ላይ ሲሰዳደቡ ብትሰሟቸው የተጣሉ ይመስላችኋል። ሐብታሙ እማዬ ፊት ተንበርክኮ ይቅርታ ጠይቋል፤ እኔን ግን እስካሁን ቀና ብሎ አያየኝም። እኔም አልቸኩልም። ጥጉ ላይ ዛሬ ኮንቴይነሩ ተነሥቶ ባለ ፎቅ እየተሠራ ነው። ከረንቡላ ቤቱም ፀጉር ቤት ሆኗል፤ ደጃፉ ላይ ሴቶች ፀጉራቸውን በቢጎዲን ጠቅልለው ፀሐይ ይሞቃሉ።

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ጽሑፌ እንደተመረጠ ለታሪኩ ስነግረው ስልኩን መፍታት ትቶ ትንሽ አሰበ። «መጽሔቱን ላይ ሠፈርም ያነቡታል?» አለኝ፣ ቃሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገ። ሁሉም ያነበዋል አልኩት። «እንግዲያስ ለዚያ... ለወርዋሪው ጻፊለት። ይምጣ» አለኝ። ጋሽ ላሚሶና ሽማግሌዎቹ ዛሬም ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ጉዱማሌ ሜዳ አጠገብ ከዋርካው ሥር ይቀመጣሉ። እማማ ዘነበችም አይቀሩም፤ አጠገባቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ይተዋሉ፤ ሌላ ሰው ሊቀመጥበት ሲል «ሰው አለበት» ይላሉ። እኔ ስምህን አላውቅም። ያን እሑድ ከረንቡላ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመህ፣ ድንጋይህ ወድቆ የት እንዳረፈ ካየህና እስከ ዛሬ ዝም ካልክ፣ ታሪኩ ና ብሎሃል። ብቻህን ብትመጣም፣ ሰው ይዘህ ብትመጣም ማንም አይነካህም። ቅዳሜ ና።